ሁለት ድንጋይ ስንት ቀን ያሠራል? የመጀመሪያዎቹ የእጅ ኮምፒውተሮች በፍጥነት፣ በባትሪና በቅርጽ

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ከስማርት ስልክ በፊት በእጅ ይያዙ የነበሩ ኮምፒውተሮች ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። ብዙ የምንቆይባቸው አምስት መሣሪያዎች አሉ፦ የ1994ቱ ኤችፒ 200ኤልኤክስ፣ የ1996ቱ የፓልም ኩባንያ ፓይለት 1000፣ የ1997ቱ ሳዮን ሲሪስ 5፣ በዚያው ዓመት ለእጅ መሣሪያ የተሠራው ዊንዶውስ፣ ዊንዶውስ ሲኢ፣ ተጭኖበት የወጣው ኤችፒ 300ኤልኤክስ፣ በመጨረሻም የአፕል ኒውተን መሴጅፓድ። ኒውተን ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ የ1993ቱና የ1997ቱ መሣሪያ የሚጋሩት ስም ቢሆንም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሌሎቹን መንገድ ላይ እየጠራን እናልፋለን።

እነዚህን መሣሪያዎች የሚያወዳድር ጽሑፍ ስታነቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥማችሁ ሠንጠረዥ ነው፤ በአንዱ ዓምድ ሜጋኸርዝ (ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ሚሊዮን ጊዜ እንደሚመታ)፣ በሌላው ሜሞሪ፣ በሦስተኛው የባትሪ ሰዓት። ቁጥሮቹ ብዙ ጊዜ ትክክል ናቸው። ግን በሜጋኸርዝ ብቻ ደርድሯቸው፤ 200ኤልኤክስ በ7.91 ጭራ ይሆናል፣ ፓይለት በ16 ይከተላል፣ ሳዮን 5 በ18.4፣ የመጀመሪያው ኒውተን በ20፣ 300ኤልኤክስ ደግሞ በ44 ቁንጮ ላይ ይቀመጣል። አሁን ሁሉንም አንድ በአንድ ከፍታችሁ የነገን ቀጠሮ ፈልጉ። ከሠንጠረዡ ጭራ ያሉት ሁለቱ መልሱን ወዲያው ያወጡታል። ቁንጮው 300ኤልኤክስ የአሸዋ ሰዓቱን እያሳየ ያስጠብቃችኋል፤ ከሁሉም አብልጦ ያስጠበቀው ግን ሁለተኛ የሆነው ኒውተን ነው።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ፍጥነትን የሚወስነው ጣት ስክሪኑን ከነካበት እስከ መልሱ ድረስ መሣሪያው መሥራት ያለበት የሥራ ብዛት ነው። የባትሪን ዕድሜ ደግሞ በይበልጥ የሚወስነው መሣሪያው ሥራ ሲፈታ የሚያደርገው ነገር ነው። ሁለቱም ኪስ ውስጥ በሚገባው ቅርጽ ይታሰራሉ፤ ቅርጹ ስንት ድንጋይ እንደሚይዝ ይወስናልና።

ከድንጋዩ እንጀምር፤ ሁሉንም የሚያስረው በጀት እሱ ነው። ኤኤ የምንለው አልካላይን ባትሪ ድንጋይ በዝግታ ከተጠቀሙበት 2500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ገደማ ይሰጣል። አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት ነው፣ ሲያልቅ 0.9 አካባቢ ይደርሳል፤ አማካዩን 1.2 ብንወስድ ሁለት ኤኤ 6 ዋት-ሰዓት ያህል ናቸው። ፓይለት የሚጠቀመው ቀጭኑ ኤኤኤ ደግሞ 1100 ሚሊአምፒር-ሰዓት አካባቢ ስለሚይዝ፣ ሁለቱ ተደምረው 2.6 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናሉ። ዛሬ ኪሳችሁ ያለው ስልክ 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ካለው 19 ዋት-ሰዓት ይዟል ማለት ነው፤ እሱንም ማታ ማታ ትሰኩታላችሁ። ፓይለት ከዚያ በሰባት እጥፍ ባነሰ ጉልበት ለሳምንታት ይኖር ነበር።

እንዴት ኖረ? አንድ ምሳሌ በቁጥር እንሥራ። አንድ መሣሪያ ሲሠራ 60 ሚሊአምፒር ይወስዳል እንበል፣ ባለቤቱም በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ይጠቀምበታል። ለሥራው የሚሄደው 30 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው። ቀሪውን 23 ሰዓት ተኩል ተኝቶ 0.2 ሚሊአምፒር ቢወስድ 4.7 ይጨመራል፤ በጠቅላላው በቀን 34.7፣ በሁለት ኤኤኤ ድንጋይ አንድ ወር። አሁን ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትታችሁ የእንቅልፉን ፍጆታ ብቻ ወደ 2 ሚሊአምፒር አሳድጉት። ለእንቅልፉ የሚሄደው 47 ይሆናል፣ ድምሩ 77፣ ዕድሜውም ወደ ሁለት ሳምንት ይወርዳል። ሲሠራ የሚፈጀውን ማንም አልነካውም፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ዕድሜ ያለቀው መሣሪያው ኪስ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ነው። ስለዚህ «ይህን ያህል ሰዓት ይሠራል» የሚለው የካርቶን ላይ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለ ተጠቃሚ እምብዛም አይጠቅመውም። የእንቅልፍ ፍጆታውን ብታውቁ ይሻላችኋል፤ ካርቶኑ ላይ ግን አይጻፍም።

ይህን ቀድሞ ከገባቸው አንዱ የ1989ኙ ፖኬት ፒሲ ነው። ከኢንቴል 8088 ዘር የሆነ ፕሮሰሰር በ7 ሜጋኸርዝ ያሠራል፣ የሚኖረው በሁለት ኤኤ ነው። ዘዴው በሁለት የቁልፍ ምቶች መካከል ፕሮሰሰሩን ማቆም ነበር። ሰው ምንም ፈጣን ቢሆን በሰከንድ የሚመታው ጥቂት ቁልፍ ነው፤ በመካከሉ ለፕሮሰሰሩ ሚሊዮን ትርፍ ዑደቶች አሉ። ሲሞስ በሚባለው አሠራር የተሠራ ቺፕ ደግሞ በዋናነት ጉልበት የሚበላው ትራንዚስተሮቹ ሲቀያየሩ ነው። የፕሮሰሰሩን ምት ካቆማችሁት ፍጆታው ወደ ምንም ይጠጋል። ዋጋው ወደ 2000 ዶላር ስለነበር ብዙ ሰው እጅ አልገባም፤ አሠራሩ ግን በኋላ በመጡት ሁሉ ውስጥ አለ።

ፓይለት ላይ ይህ አሠራር በሦስት ደረጃ ተከፍሏል። አንደኛው መሣሪያው ጠፍቶ የሚተኛበት ነው፤ ሜሞሪው ብቻ ይጠበቃል፣ ሰዓቱ ብቻ ይቆጥራል። ሁለተኛው ስክሪኑ በርቶ ፕሮሰሰሩ የሚያሸልብበት ነው። ሦስተኛው የሥራ ሰዓት ነው። ስክሪኑ ላይ ስም እያነበባችሁ ሳለ ፕሮሰሰሩ፣ ሞቶሮላ ድራጎንቦሉ፣ ቆሟል፤ ስክሪኑን እያደሰ የሚያቆየው እዚያው ቺፕ ውስጥ ያለው የስክሪን መቆጣጠሪያ ነው። ብዕራችሁ ሲነካ ይነቃል፣ የተጠየቀውን ይሠራል፣ ተመልሶ ያሸልባል። ለፓልም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይህን ማስታወስ እንኳ አያስፈልገውም፤ ፕሮግራሙ «ቀጣዩን ክስተት ስጠኝ» ብሎ ሲጠይቅና ክስተት ሲጠፋ ሲስተሙ ራሱ ያስተኛዋል።

በዶስ፣ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው የማይክሮሶፍት ሲስተም፣ በሚሠሩ መሣሪያዎች ላይ ግን ነገሩ በፕሮግራሙ ጠባይ ይወሰናል። 200ኤልኤክስ ውስጥ የተሠሩት ፕሮግራሞች ቁልፍ ሲጠብቁ ፕሮሰሰሩን ያሳርፉታል። ከውጭ የተጫነ የዴስክቶፕ ዶስ ፕሮግራም ግን «ቁልፍ ተመታ? ቁልፍ ተመታ?» እያለ በክብ የሚዞር ከሆነ ፕሮሰሰሩ ለአፍታም አያርፍም። ባለቤቱ ድንጋዩን ይወቅሳል፤ ጥፋተኛው ጨዋታው ወይም የጽሑፍ ማረሚያው ነው። አንድ መሣሪያ ለአንዱ ተጠቃሚ ሳምንታት ቆይቶ ለሌላው በጥቂት ቀን የሚያልቀው አንዳንዴ በዚህ የተነሳ ነው።

ስለ ድንጋይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የባትሪ ምልክቱ መጨረሻ ላይ ለምን ቶሎ እንደሚወርድ። ውስጥ ያለው የቮልቴጅ ማሳደጊያ ወረዳ የድንጋዩ ቮልቴጅ ሲወርድ ያንኑ ጉልበት ለማድረስ ብዙ ከረንት ይስባል። 0.2 ዋት የሚፈልግ መሣሪያ ድንጋዮቹ 3 ቮልት ሳሉ 67 ሚሊአምፒር ይወስዳል፤ 2 ቮልት ሲደርሱ 100 ይወስዳል። እንደገና የሚሞላ ኒካድ ወይም ኒኬል-ሜታል ድንጋይ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቮልቴጁ ከመጀመሪያው 1.2 ስለሆነና እስከ መጨረሻው እምብዛም ስለማይወርድ፣ ለአልካላይን የተሠራው ምልክት ገና ሞልቶ ሳለ «ግማሽ» ይላል። ከዚያ እዚያው ቆሞ ቆሞ በድንገት ባዶ ይሆናል፤ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። 200ኤልኤክስ የድንጋዩን ዓይነት መምረጫ አለው፣ ኒካድም በራሱ አዳፕተር ይሞላል። ነገር ግን መሙያው በርቶ ሳለ አልካላይን ድንጋይ ገብቶ አዳፕተር ከተሰካ ድንጋዩ ሊያፈስና መሣሪያውን ሊበላው ይችላል። ሁለተኛ እጅ 200ኤልኤክስ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህን ቅንብር ይሁን።

ወደ ፍጥነት እንምጣ። ፓይለትና 300ኤልኤክስ የተለያዩበት ዋናው ነገር ፕሮግራሙ የት ሆኖ እንደሚሠራ ነው። ፓልም ላይ ማከማቻና የሥራ ሜሞሪ የሚባሉ የተለያዩ ዓለሞች የሉም ማለት ይቻላል። ፕሮግራሙ በተከማቸበት ቦታ ሆኖ ይሠራል፣ የስልክ ቁጥሩም በተቀመጠበት ቦታ ይነበባል። የሚከፈት ፋይል የለም፣ የሚቀዳ ነገር የለም፣ «ሴቭ» የሚባል ቁልፍም የለም። 128 ኪሎባይት ሜሞሪና 512 ኪሎባይት ሮም (ከፋብሪካ ተሞልቶ የሚመጣ፣ ያለ ጉልበትም የማይጠፋ ሜሞሪ) ያለው መሣሪያ ሌላ አማራጭም አልነበረው። የሜሞሪው ማነስ ዲዛይነሮቹን አስገደዳቸው፤ ግዳጁ ደግሞ ፍጥነት ሆኖ ተመለሰ።

ዊንዶውስ ሲኢ የዴስክቶፕን አስተሳሰብ ይዞ ነው የመጣው። ሜሞሪው በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወገን ማከማቻ፣ ሌላው የፕሮግራም መሥሪያ ነው፤ ድንበሩን ተጠቃሚው በቅንብር መስኮት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይገፋዋል። በሮም የመጡት ፕሮግራሞች እዚያው ሆነው ይሠራሉ። እናንተ የጫናችሁት ግን ማከማቻው ውስጥ ታምቆ ስለሚቀመጥ፣ ሲከፈት ተፈትቶ ወደ መሥሪያው ይገለበጣል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ቦታ የሚይዘው ሁለት ጊዜ ነው፤ 300ኤልኤክስ ያለው ሜሞሪ ደግሞ 2 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ፕሮግራም ከተከፈተ በኋላ ሲስተሙ «ሜሞሪ አነሰኝ» እያለ ዝጉልኝ ይላል። 44 ሜጋኸርዙ የት ሄደ ካላችሁ፣ መስኮት ሲሥል፣ ሲፈታና ሲገለብጥ ነው የሚውለው። ከዚህ ሌላ የሚሥለው ስክሪን 640 በ240 ነጥብ ነው፤ የፓይለቱ 160 በ160። በነጥብ ብዛት ስድስት እጥፍ ልዩነት አለው።

200ኤልኤክስ ከዚሁ ኩባንያ፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ7.91 ሜጋኸርዝ ወጥቶ ከ300ኤልኤክስ ቶሎ ይመልስ ነበር። ዶስ 5.0 እና ሎተስ 1-2-3 ሮም ውስጥ ናቸው፤ ሰማያዊዋን የሎተስ ቁልፍ ስትመቱ የሒሳብ ሠንጠረዡ ትናንት በተዋችሁት ሕዋስ ላይ ይከፈታል። ደካማ ጎኑ የሚታየው ሠንጠረዡ ሲተልቅ ነው። ጥቂት ሺህ ቀመር ያለበትን ሠንጠረዥ እንደገና አስላ ስትሉት የፕሮሰሰሩ አቅም ያኔ ይገለጣል። ከሠሪው ውጭ ያሉ ባለሙያዎች የፕሮሰሰሩን ምት የሚሰጠውን ክሪስታል ቀይረው ፍጥነቱን በእጥፍ የሚያሳድግ ሥራ ይሠሩለት የነበረው ለዚህ ነው። ክሪስታሉ ከተቀየረ ሥራው ባነሰ ጊዜ አልቆ መሣሪያው ቶሎ ስለሚተኛ፣ ዓይነተኛው ተጠቃሚ የሚያጣው የባትሪ ዕድሜ ከሚፈራው ያነሰ ነው።

እስካሁን ሜጋኸርዝን አንቋሸሽኩ። ኒውተን ግን ሜጋኸርዝ በእውነት ልዩነት የሚያመጣበትን ቦታ ያሳያል። የ1993ቱ መሴጅፓድ አርም 610 ፕሮሰሰር በ20 ሜጋኸርዝ፣ 640 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው፤ ዋጋው 699 ዶላር። የያዘው ሥራ ከባድ ነበር፤ በነጻ እጅ የተጻፈን ቃል እንደ ሙሉ ቃል አንብቦ ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ማመሳሰል። ቃሉ መዝገቡ ውስጥ ካለ ያገኘዋል። ከሌለ፣ የሰው ስም ወይም የቦታ ስም ከሆነ፣ የሚመስለውን ሌላ ቃል በልበ ሙሉነት ያስቀምጣል። ተጠቃሚው ጠብቆ ጠብቆ የተሳሳተ ቃል ነው የሚቀበለው፤ ከዚያ ማረም አለ። ከዚህ በላይ አብዛኛው የኒውተን ፕሮግራም የተጻፈበት ኒውተንስክሪፕት በአስተርጓሚ በኩል የሚሠራ ቋንቋ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ክፍያ ይጠይቃል።

በ1997 የወጣው መሴጅፓድ 2000 ስትሮንግአርም ፕሮሰሰር በ162 ሜጋኸርዝ ይዞ መጣ፤ በሜጋኸርዙ ብቻ ስምንት እጥፍ። አንባቢውም ቀደም ሲል በኒውተን ሲስተም 2.0 ፊደልን በፊደል ወደሚያነብ ተለውጦ ነበር። የተሻለው ዘዴና የሚሸከመው ፕሮሰሰር ሲገናኙ ኒውተን መጀመሪያ የተባለለትን ሆነ። ግን 640 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አራት ፓይለት ማለት ነው። አራት ኤኤ ድንጋይ ይበላል፣ ኪስ አይገባም። አፕል በየካቲት 1998 አቋረጠው። በኔ ግምት ከሁሉም በቴክኒክ የላቀው እሱ ነበር፤ ለመሸጥም ከሁሉም የከበደው።

ፓልሞች የንባቡን ጥያቄ ራሱን ቀየሩት። ግራፊቲ የሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ጭረት፣ ለዚያ በተለየ ቦታ ላይ እንድትጽፉ ያስገድዳል። ብዕሩ ሲነሣ ፊደሉ አለቀ። የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ መገመት የለም፣ መዝገበ ቃላት የለም፣ ሁሉም ፊደል በላይ በላዩ ስለሚጻፍ ቦታም አይፈጅም። ይህን 16 ሜጋኸርዝ በቀላሉ ይሠራዋል። ሸክሙ ወደ ሰውየው ዞረ፤ አንድ ቀን ያህል ተለማምዶ ሰውየው ራሱን አስተካከለ። ዜሮክስ የአንድ ጭረት አጻጻፍ የኔ ፓተንት ነው ብሎ በ1997 ከሷል፤ በ2003 ግራፊቲ 2 ተተክቷል፤ የቀድሞውን የለመዱ ሰዎች ግን አልወደዱትም።

ለፊደላችን ቢሆን? ፓልም ኦኤስ አንድን ምልክት በአንድ ባይት ነው የሚይዘው፤ 256 ቦታ። ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሮቹና ከነነጥቦቹ ፊደላችን ያን ያልፋል። ዊንዶውስ ሲኢ ከመጀመሪያው በሁለት ባይት ዩኒኮድ፣ የዓለምን ፊደላት በአንድነት በሚይዘው የኮድ ሥርዓት፣ ነው የተሠራው፤ ነገር ግን ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በ3.0 ነው። ስክሪኑም ይጠብባል። ጨን ከጬ፣ ቿን ከቻ አይን ሳይጨናነቅ ለመለየት ለአንድ ፊደል 12 ነጥብ ያህል ስፋት ብንሰጥ፣ 160 ነጥብ ላይ በአንድ መስመር 13 ፊደል ነው የሚገባው። ቀርፋፋው በተባለው ዊንዶውስ ሲኢ መሣሪያ 640 ነጥብ ላይ ግን 53 ይገባል። ለአማርኛ ጸሐፊ የዚያ ዘመን ሚዛን ወደ ሌላ ወገን ያጋድል ነበር ማለት ነው።

ቅርጽ ላይ ብዙ የተባለለት የፓይለቱ የእንጨት ቁራጭ ነው። የፓይለት ፈጣሪ ጄፍ ሆኪንስ በሸሚዝ ኪስ የሚገባ እንጨት አስቀርጾ እየያዘ ይዞር ነበር፤ ቀጠሮ ሲጠየቅ አውጥቶ የሚጽፍ መስሎ ይሞክረው ነበር። ታሪኩ ሲደጋገም ቀልድ ይመስላል፤ ዋናው ፍሬ ነገሩ ግን መጠኑ ከኤሌክትሮኒክሱ በፊት መወሰኑ ነው። 160 ግራም እና የሸሚዝ ኪስ ከተወሰነ በኋላ ከሁለት ኤኤኤ በላይ መግባት አይችልም። ሁለት ኤኤኤ ከተወሰነ በኋላ የፕሮሰሰሩ፣ የስክሪኑና የሜሞሪው ጉዳይ በአብዛኛው አለቀ።

ሳዮን 5 ደግሞ ከኪቦርዱ ተነሥቷል። የዲዛይነሩ የማርቲን ሪዲፎርድ የማጠፊያ ሥራ እስከ ዛሬ የሚተካከለው ጥቂት ነው። ክዳኑ ሲከፈት ኪቦርዱ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ስክሪኑም ወደ ኋላ አጋድሎ የድንጋዮቹ ቤት ላይ ይደገፋል። በ17 ሴንቲሜትር ርዝመት ውስጥ በአሥር ጣት የሚጻፍበት ኪቦርድ ተገኘ። ስክሪኑን በብዕር ሲጫኑት የተለመደው የታጠፈ መሣሪያ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ይህ አይገለበጥም። ረጅም ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ከአምስቱ ፈጣኑ ሳዮን ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የሚያዘገየው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ጣት ነው።

የማጠፊያው ውበት ግን ዋጋ ነበረው። ስክሪኑን ከዋናው ቦርድ የሚያገናኘው ቀጭን ሪባን ኬብል በከፈታችሁ ቁጥር አብሮ ይታጠፋል። ከዓመታት በኋላ ውስጡ ያሉት የመዳብ መስመሮች ይሰነጠቃሉ። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ አግድም መስመር ይመጣል፤ ቀጥሎ ምስሉ የሚታየው ክዳኑ በአንድ ማዕዘን ሲቆም ብቻ ይሆናል፤ በመጨረሻም ባዶ። መበየድ አያዋጣም፤ ኬብሉ ይቀየራል። በዚህ ላይ ስክሪኑ ራሱ ፈዛዛ ነበር፤ የንክኪው ሽፋን ከላዩ ሲጨመር ንፅፅሩን ይቀንሰዋል።

የስክሪን መብራትን ቸኩለን እንለፈው። የዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ስክሪን የክፍሉን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ለራሱ የሚፈጀው ጥቂት ነው። መብራቱ ከብዙዎቹ በስተጀርባ ያለ የሚያበራ ወረቀት መሰል ንጣፍ ነው፤ መቶ ቮልት አካባቢ ተለዋዋጭ ከረንት ይፈልጋል፣ ሲበራ የመሣሪያውን ፍጆታ በቀላሉ እጥፍና ከዚያ በላይ ያደርገዋል። በሥራ ሰዓት ብዛት እየደበዘዘም ይሄዳል።

የ1999ኙ ፓልም 5 ቀጭንነትን አስቀደመ፤ 115 ግራም፣ 10 ሚሊሜትር ገደማ። ለዚያ ሲባል የድንጋይ ቤቱ ወጣ፣ የሚሞላ ሊቲየም ባትሪ ውስጥ ታሸገ፣ አካሉም በብሎን ፋንታ በሙጫ ተያያዘ። ያየው ሁሉ ወደደው፤ የሚጠግነው ሰው ግን በሙቅ አየር እያለሰለሰ ነው የሚከፍተው። በ2000 የኮምፓክ አይፓክ 206 ሜጋኸርዝ፣ 32 ሜጋባይት ሜሞሪና ባለ ቀለም ስክሪን ይዞ ሲመጣ ከድንጋይ ሱቅ ጋር የነበረው ዝምድና ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ቻርጀር ይዞ መዞር የተለመደ ሆነ። ሜሞሪው ያለ ጉልበት የማያስታውስ ስለነበር፣ ባትሪው ጨርሶ ካለቀ ያስገባችሁት ሁሉ ይጠፋል፤ ይህ በዊንዶውስ መሣሪያዎች እስከ 2005 ቀጥሏል።

አሁን እናንተ ራሳችሁ ለማወዳደር ከፈለጋችሁ፣ ፍጥነትን በስልክ ሰዓት ቆጣሪ መለካት ይበቃል። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መረጃ አስገቡ፤ 500 ስም ከነስልኩ በቂ ነው። ሦስት ነገር ለኩ፦ ከጠፋበት ተነሥቶ የዛሬን ቀጠሮ እስኪያሳይ፣ በመጨረሻው ግቤት ውስጥ ብቻ ያለ ቃል ፈልጎ እስኪያገኝ፣ አዲስ ቀጠሮ አስገብቶ እስኪጨርስ። እያንዳንዱን አምስት ጊዜ አድርጉና መካከለኛውን ያዙ። ከሰዓቱ ጋር የነካችሁትን ብዛትም ቁጠሩ፤ ስድስት ንክኪ የሚጠይቅ ፈጣን መሣሪያ ሁለት ንክኪ በሚጠይቅ ዝግተኛ ይበለጣል።

ከረንት ለመለካት መጀመሪያ ያለውን መረጃ ወደ ኮምፒውተር ቅዱት። ከዚያ ቀጭን ፕላስቲክ ቁራጭ ውሰዱ፣ በሁለት ወገኑ ቀጭን የመዳብ ወረቀት ለጥፉ፣ በአንደኛው ድንጋይ ጫፍና በመሣሪያው ብረት መካከል አስገቡት። ከሁለቱ መዳቦች ሽቦ አውጡና በመካከላቸው 0.5 ኦም ሬዚስተር አገናኙ፤ ቴስተሩን በሚሊቮልት አድርጋችሁ የሬዚስተሩን ሁለት ጫፍ ለኩ። 30 ሚሊቮልት ካነበበ 60 ሚሊአምፒር ነው። ቴስተሩን በቀጥታ በማይክሮአምፒር መስመር ላይ አታስገቡት፤ ውስጡ ያለው ሬዚስተር ትልቅ ስለሆነ መሣሪያው ሲነቃ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ሜሞሪው ይጠፋል። የእንቅልፍ ፍጆታ ግን በ0.5 ኦም ለመነበብ በጣም ያንሳል። ለእሱ 10 ኦም ተጠቀሙና በጎኑ የማገናኛ ሽቦ አድርጉ፤ መሣሪያው ከተኛ በኋላ ሽቦውን አንሡ፣ አንብቡ፣ ከመቀስቀሳችሁ በፊት መልሱት። ከረሳችሁት 100 ሚሊአምፒር በ10 ኦም ላይ ሲያልፍ አንድ ሙሉ ቮልት ይጎድላል፣ መሣሪያውም ይዘጋል።

ከሁለተኛ እጅ ገበያ የተገዛውን ከማብራታችሁ በፊት የድንጋይ ቤቱን ክፈቱ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ድንጋይ አፍስሶ ነበር። አልካላይን የሚያፈሰው ቤዝ ስለሆነ በጆሮ ጥጥ ትንሽ አቼቶ ነክታችሁ ጥረጉት፤ መፍላቱ ሲቆም በ99 በመቶ አልኮል አጥባችሁ አድርቁት። አቼቶው እንዲቀር አትተዉት፣ ብረቱን እሱም ይበላዋል። በ200ኤልኤክስና በሳዮን ላይ የመጠባበቂያዋን ክብ ድንጋይ፣ ሲአር2032ን፣ ዋናዎቹ ገብተው ሳሉ ቀይሩ፤ ዋናዎቹን የምትቀይሩትም እሷ ደህና ስትሆን ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ያወጣ ሰው ሜሞሪውን ያጣል። ፓይለት መጠባበቂያ ድንጋይ የለውም፤ ድንጋይ ሲቀየር ሜሞሪውን የሚያቆየው ለአንድ ደቂቃ ያህል የሚበቃ ካፓሲተር ነው፣ ባረጀ መሣሪያ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አዲሶቹን ድንጋዮች ከመጠቅለያቸው አውጥታችሁ አጠገባችሁ ሳታደርጉ አሮጌዎቹን አትንቀሉ።

ኒውተን የገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠብቀዋል። ኒውተንስክሪፕት ሙሉ ቁጥርን የሚይዘው በ30 ቢት ነው፤ ከ1993 መጀመሪያ ጀምሮ ሰከንድ ሲቆጠር ያ ቁጥር ጥር 5 ቀን 2010 ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ያለ ቀን ስታስገቡ ቀጠሮና ማንቂያ ይዘበራረቃሉ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብላችሁ አትክፈቱት፤ ተጠቃሚዎች የሠሩት ማስተካከያ ስላለ፣ እሱን ጫኑና ከዚያ በኋላ ብቻ ሰዓቱን አስተካክሉ።